ሁለቱ የካርቱም ከባድ ሚዛኖች

ገብረየስ ጁዶ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ያወቀው በረዶ ተሸክሞ ደረጃ በወጣበት ቀን ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ነበር። ከጭልጋ ተነስቶ በመተማ በኩል ሱዳን ከገባ ቆይቷል። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አጭዷል፣ ከሰላ ላይ ሽንኩርት ጭኗል፣ በመጨረሻ ካርቱም መጣና ከጥቁር ዓባይ ማዶ፣ ባሕሪ ውስጥ፣ አንድ የበረዶ ፋብሪካ ተቀጥሮ እዚያው ረጋ። ሥራው ከማሽኑ የሚወጣውን ረጅም የበረዶ ግንድ በጆንያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ማድረግና መኪና ላይ መጫን ነበር። ከተማው በሙቀት ሲጋገር፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሻማ፣ እሱ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ እያለው ይውላል።

ግዙፍ ሰው ነው። በር ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። ሃፍላ በሚሉት የከተማው ትንሽ አውቶቡስ ሲሳፈር አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ግማሽ ገላው መተላለፊያው ላይ ይቀራል። በጠባዩ ግን ዝግ ያለ፣ ሰው ሲጣላ ካየ መንገድ የሚቀይር ዓይነት ነበር።

የዚያን ቀን ባሕሪ ያለው የሠራተኞች ስፖርት ክበብ ድግስ ነበረውና በረዶ አዘዘ። አንዱን ግንድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ገብረየስ ጓደኛው ስለቀረበት ብቻውን ተሸክሞ ፎቅ ወጣ። ላይ ሲደርስ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች እርስ በርስ አንገት ለአንገት ተያይዘው ምንጣፍ ላይ ይወዳደቃሉ። ሊገላግላቸው አሰበ። ግን ይስቃሉ፤ የወደቀው ይነሳና ለጣለው እጅ ይነሳል። ግራ ተጋብቶ በረዶውን እንደተሸከመ ቆመ።

አንድ አጭር፣ ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ጠጋ አለውና እጆቹን አየ።

"አያሟልጭህም?" አለው በዐረብኛ።

"ከያዝኩት አያሟልጭም" አለ ገብረየስ።

"እስቲ አውርደውና እኔን ያዘኝ።"

ገብረየስ በረዶውን አስቀመጠ፤ ነገር ግን ሰውዬው ላይ እጁን ማንሳት አልፈለገም። "እርስዎ አባቴን የሚያህሉ ሰው ነዎት፤ ባልነካዎት ይሻላል" አለ። በአዳራሹ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሰውዬው ግን "ያላ፣ ያዘኝ" እያለ ሙጭጭ አለበት። ገብረየስም ሕፃን እንደሚይዝ አድርጎ ኮሌታውን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገ። ቀጥሎ ያየው ነገር ጣሪያው ላይ የሚዞረው ማራገቢያ ነው። በጀርባው ተዘርግቷል። የትኛውም ቦታ አላመመውም፤ ብቻ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አላወቀም።

"ምን አደረጉኝ?" አለ ተንጋሎ እንዳለ።

"ከቅዳሜ ጀምረህ ና፣ አሳይሃለሁ" አለው ሰውዬው።

ሰውዬው ዳውድ ይባላል። ድሮ የፖሊስ አሰልጣኝ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ ክበቡ ውስጥ ጁዶ ያስተምራል። ካርቱም ላይ አሰልጣኝን ካብቴን ነው የሚሉትና ሁሉም ካብቴን ዳውድ ይለዋል። ገብረየስ ያን ቀን ሊወጣ ሲል የረሳው በረዶ ቀልጦ የምንጣፉን አንድ ጥግ አርሶት ስለነበር መጀመሪያ የተማረው ነገር ምንጣፍ ማድረቅ ሆነ።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ጸሐይወርቅ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ትልቁ ገበያ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ በረንዳ ሥር፣ የስፌት መኪና አስቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። ፈጣን፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት።

"ዛሬ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ጣለኝ" አላት።

"ምነው፣ ተጣላችሁ?"

"የለም፤ ቅዳሜም ሊጥለኝ ቀጥሮኛል።"

ጸሐይወርቅ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ፈገግ ማለቱን ልብ አለች። ገብረየስ ከሥራ ሲገባ ፈገግ ካለ ብዙ ጊዜው ነበር። "እንግዲያው ሲጥልህ ሱሪህ እንዳይቀደድ ጠበቅ አድርጌ ልስፋው" አለች።

ሱሪው ብቻ አልበቃም። ካርቱም ውስጥ የእሱን ገላ የሚችል የጁዶ ልብስ ሊገኝ አልቻለም። ጸሐይወርቅ የጭነት መኪና ሸራ ገዝታ፣ ሁለት ጊዜ ደርባ፣ ኮሌታውን በአራት ረድፍ ሰፍታ ልብስ አወጣችለት። ሲራመድ እንደ ድንኳን ይንኮሻኮሻል። ከእሱ ጋር የተያያዘ ሰው ሁሉ ጣቱ እየተላጠ አቤት ስላለ ካብቴን ዳውድ ወስደው እየነከሩ እስኪለሰልስ እንዲያሹት አዘዘ።

ካብቴን ዳውድ ለወራት ያስተማረው መውደቅን ብቻ ነው። አገጭን ወደ ደረት መቅበር፣ ጀርባን ማጉበጥ፣ መሬት ሲነኩ በክንድ ምንጣፉን መምታት። ገብረየስ ሲወድቅ ግን ከታች ያለው የጽሕፈት ቤት ሰው እየወጣ "ጣሪያው ላይ ምን እያደረጋችሁ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን ገብረየስን ታከተው።

"ካብቴን፣ መጣል መቼ ነው የሚያስተምሩኝ?"

"መውደቅ የሚፈራ ሰው ሲጥልም ፈርቶ ነው የሚጥለው። አንተ ግዙፍ ስለሆንክ ወድቀህ አታውቅም። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የምትፈራው አንተ ነህ።"

ገብረየስ ይህንን አስቦት አያውቅም ነበር። ሲያስበው እውነት ሆነበት። ከዚያ በኋላ ሳያጉረመርም ወደቀ።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ የካርቱም ሻምፒዮና ደረሰ። በቀላልና በመካከለኛ ሚዛን ተወዳዳሪው እንደ ጉድ ተሰልፏል። ከዘጠና አምስት ኪሎ በላይ የሆነውን፣ ከባድ ሚዛን የሚሉትን ሲጠሩ ግን የተነሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ገብረየስ ነው። ሌላው በሽር የሚባል የቡሪ አናጢ ነው፤ አንገረብ የሚሉትን በገመድ የሚታታ አልጋ ይሠራል። ቡሪ ከጥቁር ዓባይ ወዲህ ያለ የቆየ ሰፈር ነው፤ የበሽር ሱቅም ሰፈሩን ያህል የቆየ ይመስላል። ሰውዬው ከገብረየስ በቁመት ያንሳል፣ በወርድ ይበልጣል። ሲስቅ ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ ይስቃል።

ሁለት ሰው ብቻ ስለሆኑ የመጀመሪያ ግጥሚያቸው የዋንጫ ግጥሚያ ሆነ። ጁዶ ውስጥ ባላጋራውን ደህና አድርጎ በጀርባው ዘርግቶ የጣለ ሰው ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። ገብረየስ እጅ ነስቶ ቀና ከማለቱ በሽር "ቢስሚላህ" ብሎ ያዘው፣ ዞር አለ፣ ዳሌው ላይ አስቀመጠውና እንደ ፍራሽ ገለበጠው። ተመልካቹ ገና ቦታ እየያዘ ነበር።

በሽር ወዲያው ጎንበስ ብሎ እጁን ሰጠው። "መዓሌሽ፣ ቸኮልኩብህ እንዴ?" አለው በእውነት አዝኖ።

ገብረየስ የብር ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ቤቱ ገባ። ጸሐይወርቅ ሜዳሊያውን አገላብጣ አየችው።

"ስንተኛ ወጣህ?"

"ሁለተኛ።"

"ጎበዝ። ከስንት ሰው?"

ገብረየስ ጫማውን እየፈታ "ከሁለት" አለ። ጸሐይወርቅ መቀሷን አስቀምጣ እስኪበቃት ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ።

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ሁለቱ ሰዎች ይገናኛሉ፤ በየዓመቱ በሽር ይጥለዋል። አንድ ጊዜ በዳሌው፣ አንድ ጊዜ በትከሻው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ገብረየስ ራሱ ሊጥለው ሲሞክር ተደናቅፎ ከሥሩ ገባ። በመካከሉ ወዳጅ ሆኑ። ከባሕሪና ከቡሪ የተለያየ ሃፍላ ይይዙና ሱቅ ዐረቢ ላይ ተገናኝተው ወደ ውድድሩ አብረው ይሄዳሉ፤ ኋለኛውን ወንበር ሁለቱ ብቻ ይሞሉታል። ሲመለሱም አብረው ናቸው፤ አንዱ የወርቅ አንዱ የብር ሜዳሊያ ኪሱ ከቶ። በሽር የገብረየስን አልጋ መሰበር በሰማ ጊዜ እግሮቹ የበር መቃን የሚያክሉ አንገረብ ሠርቶ በአህያ ጋሪ ላከለት። ገብረየስ ደግሞ የበሽር እህት ስትዳር ለድግሱ የሚበቃውን በረዶ ከፋብሪካው አስፈቅዶ በትከሻው አደረሰ።

በሽር ገብረየስ የሚለው ስም አፉ አልገባ ስላለው "ጋብሪስ" ይለዋል። ጸሐይወርቅን ግን ሳይሳሳት "ወይዘሮ ጸሐይወርቅ" ብሎ ይጠራታል። ከእሷ ነው ጥቂት አማርኛ የለመደው፤ የለመደውም በአብዛኛው ስድብ መሆኑ የታወቀው አንድ ቀን ሳያውቅ ለቄስ ሰላምታ ሲሰጥ ነው።

ለገብረየስ መሸነፉ ጥቅም ያስገኘለት ጊዜም አለ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቶ ወደ ጸሐይወርቅ ገበያ ሲሄድ፣ ባሕሪን ከካርቱም በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ፖሊሶች የውጭ ዜጋ እያስቆሙ የመኖሪያ ፈቃድ ያያሉ። የገብረየስ ወረቀት ለእድሳት ገብቶ አልወጣም። ሲያስቆሙት ባዶ እጁን ቆመ። ወጣቱ ፖሊስ ከላይ እስከ ታች አየውና ለጓደኛው በክርኑ ጠቆመው።

"አንተ በሽር የሚጥልህ ሐበሻ አይደለህም?"

"ነኝ" አለ ገብረየስ አንገቱን ደፍቶ።

"ሂድ። ዘንድሮ ግራ እግሩን ጠብቅ።"

ገብረየስ ድልድዩን ተሻግሮ እስኪጨርስ ይፈር ይደሰት አላወቀም። ማታ ግን ስለ ግራ እግር አሰበ። በሽር ዳሌውን ለማስገባት ሲዞር ለቅጽበት ያህል ሙሉ ክብደቱን የሚጥለው ግራ እግሩ ላይ ነው። ፖሊሱ ከተመልካች ወንበር ያየውን እሱ ሁልጊዜ ተገልብጦ ስለነበር አላየውም። ከዚያ በኋላ ካብቴን ዳውድን እንዲያለማምደው ለመነው፤ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ተለማመደ፦ ሰውዬው ሲዞር ወደ ኋላ ሳይጎተት ዝቅ ብሎ መቆም፣ ከዚያ የቆመበትን እግር ከኋላ መጥለፍ።

1998 ላይ አዲስ ነገር መጣ። የዓለም የጁዶ ሰዎች የሚዛኑን ደንብ ቀየሩና ከባድ ሚዛን ከመቶ ኪሎ በላይ ሆነ። በሽር ምንም አልተነካም። ገብረየስ ግን መቶን የሚያልፈው በደህናው ወር ነው። ውድድሩ የዋለው ደግሞ በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ሲጾም ሁልጊዜ ይከሳል። የነፍስ አባቱ የጉልበት ሥራ ስለሚሠራ ውሃ እንዲጠጣ ፈቅደውለታል እንጂ እህል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም።

ዓርብ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣ። የሚዛኑ ኃላፊ መነጽሩን አስተካክሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። "መቶ አልሞላህም። ከታች ካሉት ጋር ትገባለህ፤ ወይ ምዝገባው እስኪዘጋ ሞልተህ ትመጣለህ።"

ከታች ያለው ምድብ ብዙ ተወዳዳሪ ነበረው፤ ምናልባትም ገብረየስ እዚያ ብዙዎቹን ይጥል ነበር። ነገር ግን እሱ ዓመቱን ሙሉ የተለማመደው ለአንድ ሰው ግራ እግር ነው። ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ከሚዛኑ ወረደ። ከኋላው የቆመው በሽር ነገሩን ሰምቷል። እሱ ከገብረየስ የበለጠ ደነገጠ፤ ምክንያቱም ገብረየስ ከሌለ የሚገጥመው ሰው የለም።

"ብላ" አለው።

"ጾም ነው።"

"ታዲያ ምን ትችላለህ?"

"ውሃ።"

በሽር የሚቀጥለውን ቃል አልጠበቀም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ውሃ የሚቀዘቅዝበት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች አሉ። እዚያ ሄዶ በጣሳ ቀድቶ መጣ። ገብረየስ ጠጣ። በሽር ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። በነጩ የጁዶ ልብሱ፣ በዚያ ግዙፍ ገላው፣ ውሃ እያንጠባጠበ ሲመላለስ ሰው ተሰበሰበ። ገብረየስ አራተኛው ላይ ይሁን አምስተኛው ላይ ዐይኑ እንባ አቀረረ።

"በቃኝ፣ በሽር።"

"ምን በቃህ፤ ገና እግርህ ጋ አልደረሰም። ያላ፣ ጠጣ።"

ሚዛን ላይ ወጣ፤ ጥቂት ይቀረዋል። ወርዶ ጠጣ። እንደገና ሲወጣ የሚዛኑ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየና "ከመቶ በላይ" ብሎ ጻፈ። በሽር የግጥሚያው አሸናፊ የተባለ ያህል እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

ገብረየስ ግን መንቀሳቀስ አልቻለም። ሲራመድ ሆዱ ውስጥ ውሃው ይንቦጫቦጫል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ካብቴን ዳውድ "እንዳትዘል፣ እንዳትሮጥ፤ መሬቱን ይዘህ ቁም ብቻ" ብሎ ምንጣፉ ላይ ለቀቀው።

እጅ ተነሳሱ። በሽር እንደ ወትሮው "ቢስሚላህ" ብሎ ገባ፣ ዳሌውን አስገባ፣ ጎተተ። ገብረየስ ንቅንቅ አላለም። ውሃው ብቻ ቦጭ አለ፤ ፊት ወንበር የተቀመጡት ሳቁ። በሽር ተገርሞ ወጣና እንደገና ኮሌታውን ያዘ። በዚህ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ ዞረ፤ ሙሉ ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ አረፈ። ገብረየስ ያንን ቅጽበት ዓመቱን ሙሉ ጠብቆታል። ዝቅ አለ፣ ደረቱን የበሽር ጎን ላይ አሳረፈ፣ እግሩን ከኋላ ጠለፈው። በሽር ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈርስ ግድግዳ፣ በጀርባው ሄደ። ምንጣፉ ጓ አለ።

ዳኛው ራሱ እጁን ለማንሳት ዘገየ። ከዚያ ጭብጨባው ሲነሳ ጸሐይወርቅ ከሴቶች ወንበር ላይ ቆማ እልል አለች። ያቺ ሴት በሕይወቷ እልልታ የማትወድ ናት።

በሽር ተንጋሎ ጣሪያውን እያየ "ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ" አለ፣ "ያንን ውሃ ሁሉ ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ።" ከዚያ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ገብረየስ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ እሱም ሳቅ ያዘው፤ ሳቁ ደግሞ ከውሃው ጋር አልተስማማም። እጅ ሳይነሳ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጠ። ካብቴን ዳውድ ኮሌታውን ይዞ መለሰው፤ እጅ ከነሳ በኋላ ነው የተፈታው።

ደስታው አንድ ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያ ስፖርቱን የሚመሩት ሰዎች ጠሩት። ኃላፊው ትሑት ሰው ነበር፤ ሻይ አስመጣለት። የካርቱም ሻምፒዮኖች ካይሮ ላይ ለሚደረግ ውድድር እንደሚሄዱ፣ ነገር ግን የሱዳንን ልብስ የሚለብሰው የሱዳን ዜጋ ብቻ መሆኑን፣ ስለዚህ በከባድ ሚዛን ሁለተኛ የወጣው እንደሚሄድ አስረዳው። ገብረየስ "ገባኝ" ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

በእርግጥም ገብቶታል፤ ግን ዳምኖበት ሰነበተ። ከሥራ ይገባል፣ ይበላል፣ አንገረቡ ላይ ይጋደማል። ካይሮ የመሄድ ጉጉት ኖሮት አያውቅም። የከፋው አንድ ቀን እንኳ "ገብረየስ ሄደ" ሊባል ስለማይችል ነበር። ጸሐይወርቅ ዝም አለችው፤ ዝም ማለት ለእሷ ትልቅ ሥራ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በሽር መጣ። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሳያወልቅ ተናገረ።

"አልሄድም ብያቸዋለሁ።"

"ለምን?"

"አንተ ነህ የጣልከኝ። ካይሮ ሄጄ ሻምፒዮን ነኝ ብል ጀርባዬ ራሱ ይታዘበኛል።"

ገብረየስ ተነስቶ ተቀመጠ። በሽር ስለ እሱ ተቆጥቶ ማየቱ ደረቱ ላይ የነበረውን ነገር አነሳለት። "ስማ" አለው። "አንተ ካልሄድክ ከእኛ ሚዛን ማንም አይሄድም። እኔ የጣልኩት ሰው ካይሮ ላይ ሌላ ሰው ሲጥል ብሰማ ይሻለኛል ወይስ እዚህ ተቀምጠን ሁለታችንም ብናኮርፍ?"

በሽር አሰበ። "ብወድቅስ?"

"መውደቅ ማን ነው ያስተማረህ ሲሉህ የእኔን ስም ጥራ።"

"እንግዲህ አውርታችሁ ከጨረሳችሁ እጃችሁን ታጠቡ" አለች ጸሐይወርቅ፣ ትሪውን ይዛ እየገባች። "ሁለታችሁ ስታዝኑ ምግቡ በረደ።"

ከዚያ ሁለቱ እስከ ጉዞው ድረስ አብረው ተለማመዱ። ገብረየስ ያቺን የግራ እግር ጠለፋ እስከ ውስጧ ድረስ አስተማረው፤ የገዛ ማሸነፊያውን አሳልፎ መስጠቱ እንደሆነ ካብቴን ዳውድ ሲያስታውሰው "ሌላ እፈልጋለሁ" አለ። አየር ማረፊያ ድረስም ሸኘው።

በሽር ካይሮ ላይ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ከእሱ በሚገዝፍ ሰው ተሸነፈ። ሁለተኛውን አሸነፈ፤ ያሸነፈውም በጠለፋዋ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ተሸነፈ። ሲመለስ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ስለ ሁለተኛው ግጥሚያ ብቻ ያወራል፤ ሲያወራም "ጋብሪስ ጣለው" እያለ ነው የሚያወራው። ለገብረየስ እውነተኛ የጁዶ ልብስ ገዝቶለት መጣ፤ የካይሮ ሱቅ ያለው ትልቁ ቁጥር ነው። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ጸሐይወርቅ ከድሮው ሸራ ቆርጣ ቀጠለችለት፤ ከዚያ ወዲህ እጅጌው ቡኒ ገላው ነጭ ሆኖ ነው የሚወዳደረው።

ሁለት ዓመት ያህል ወርቁን እየተቀያየሩ ወሰዱ። ከዚያ የበሽር ጉልበት ልምምድ ላይ ተጣመመና ሐኪሙ አልጋ መሥራት እንጂ ሰው መጣል በቃህ አለው። ከባድ ሚዛን አንድ ሰው ቀረው። አንድ ሰው ብቻ ያለበት ምድብ ደግሞ ይሰረዛል።

በሽር ከገብረየስ በላይ ተጨነቀ። ሁለቱ ሱቅ ዐረቢ መናኸሪያ ሄደው፣ ከጸሐይወርቅ የስፌት መኪና አጠገብ ቆመው፣ የሚያልፈውን ሰው በዐይናቸው ይመዝኑ ጀመር። አንድ ስኳር ተሸካሚ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ሲያልፍ በሽር እያነከሰ ተከተለውና "ወንድሜ፣ ስንት ኪሎ ነህ?" አለው። ሰውዬው ለጦር ግንባር የሚመለምሉ መስለውት ከነጆንያው ሮጠ። አንድ ሥጋ ሻጭ ደግሞ ጁዶ ምን እንደሆነ ካስረዱት በኋላ "ሰው በነጻ ይጥለኛል ነው የምትሉኝ?" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጸሐይወርቅ "ደንበኞቼን አባረራችሁብኝ፤ ሂዱና ዳቦ ግዙ" ብላ ላከቻቸው።

የሚፈልጉትን ያገኙትም ባሕሪ ካለ ዳቦ ቤት ነው። ውስጥ አንድ ሰው የዱቄት ጆንያ በሁለት ብብቱ ይዞ እየተጓዘ ከባልደረባው ጋር ጨዋታ ይዟል። ንግግሩ አማርኛ ነው፤ የወሎ አማርኛ። ጂብሪል ይባላል፤ የከሚሴ ልጅ ነው፤ ሦስት ልጆች ያሉት አባወራ።

"ወንድሜ፣ ሥራ ስትጨርስ የት ትሆናለህ?" አለው ገብረየስ።

"ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ ጋሼ። ምነው?"

"ከመተኛትህ በፊት ትንሽ ልጣልህ ብዬ ነው።"

ጂብሪል በሽርን አየ፣ ገብረየስን አየ፣ ዱቄቱን አስቀመጠ። "ከጣሉኝ እሺ" አለ።

ገብረየስ ጣለው፤ ጂብሪልም ልክ እንደ ማንኛውም ግዙፍ ሰው ተገርሞ ጣሪያ አየ፤ በማግስቱም መጣ። ሰውዬው የዳቦ ሊጥ ሲያቦካ ነው የኖረውና አያያዙ ከበረዶ ተሸካሚውም ይጠነክራል። በሽር ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያበጠ ጉልበቱን ዘርግቶ፣ አሰልጣኝ ሆነ። አማርኛው የሚጠቅመው አሁን ነው፤ ግን የሚያውቀው ስድብ ስለሆነ ልምምዱን የሰማ መንገደኛ ጠብ ያለ ይመስለዋል።

የመጀመሪያውን ዓመት ገብረየስ አሸነፈ፤ ሁለተኛውንም በጭንቅ። ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ 2003 መሆኑ ነው፣ ጂብሪል አነሳና አስቀመጠው። ገብረየስ ወድቆ ምንጣፉን በክንዱ ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ካብቴን ዳውድ፣ በዚያን ጊዜ በጣም አርጅቶ ነበር፣ ከወንበሩ ሆኖ "አወዳደቅ ማለት ይህ ነው" ብሎ አጨበጨበ። ጂብሪል አፍሮ ነበር። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" እያለ ከምንጣፉ አልወርድ አለ። ገብረየስ አቅፎ አወረደው።

ጂብሪል ሻምፒዮን ሲሆን ዳቦ ቤት የሚሠሩ፣ ጋራዥ የሚሠሩ፣ የሚያውቁት ግዙፎች ሁሉ "እሱ ከቻለ እኛስ" ብለው መጡ፤ ሐበሻውም ሱዳናዊውም። በሚቀጥለው መጋቢት ከባድ ሚዛን ሲጠራ ስድስት ሰው ተነሳ። ገብረየስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጣ አወጣ። በገዛ ምድቡ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ሲገጥሙ ወንበር ይዞ ተመለከተ፤ በሽርን በክርኑ እየጎሸመ "ተመልከት፣ እኛን ሳይጠይቁ ይጋጠማሉ" ይላል። የራሱ ተራ ሲደርስ ከጋራዡ ሰው ጋር ተያይዞ ረጅም ታገለና ተሸነፈ። የዚያን ቀን ልብሱን አጥፎ ለጸሐይወርቅ ሰጣት።

"ልጠበው?" አለች።

"እጠቢና አስቀምጪው። ጉልበቴም የበሽርን መንገድ ሳይከተል በፊት ይበቃኛል።"

ከባድ ነገር ግን አልሆነበትም፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት የዳኝነት ትምህርት ተከፈተ። ሱዳንን ወክሎ ለሚወዳደር ሰው ዜግነት ቢጠየቅም ለምንጣፍ ዳኛ የሚጠየቀው ደንቡን ማወቁና ድምፁ መሰማቱ ነበር። የገብረየስ ድምፅ በረዶ ፋብሪካው ማሽን ላይ ተጩሆ የዳበረ ነው። ፈተናውን አለፈ፤ ጥቁር ሱሪና ሰማያዊ ኮት ጸሐይወርቅ ሰፋችለት፤ ከክበቡ ቡድን ጋር ለውድድር በአውቶቡስ ዋድ መደኒ ሄደ። በሽርም አሰልጣኝ ሆኖ አብሮ ሄዷል፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ካይሮው ሁለተኛ ግጥሚያ ለሾፌሩ አወራለት።

መደኒ ላይ ገብረየስ የዳኘው የመጀመሪያ ከባድ ሚዛን ግጥሚያ የጂብሪል ሆነ። ጂብሪል በነጥብ እየመራ ነበርና ሰዓቱ እስኪያልቅ እየሸሸ መከላከል ጀመረ። ይህ በደንቡ ያስቀጣል። ገብረየስ ጨዋታውን አቆመ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ጣቱን ወደ ጂብሪል ዘርግቶ ቅጣቱን ሰጠ። ጂብሪል ዐይኑን አፍጥጦ አየው። በሽር ከጥግ በአማርኛ የሚያውቀውን ሁሉ አወረደ፤ ገብረየስ እሱንም አስጠነቀቀው። ጂብሪል ከዚያ መሸሹን ትቶ ገባና ሰውዬውን ጥሎ አሸነፈ፤ ገብረየስ እጁን ወደ እሱ አንስቶ አሸናፊነቱን ሲያውጅ ጂብሪል ግን ገና አኩርፎ ነበር።

ኩርፊያው የቆየው እስከ እራት ድረስ ነው። መደኒ የወንዝ ከተማ ናትና ሦስቱ ዳር ላይ ካለች ምግብ ቤት ገብተው የተጠበሰ ዓሣ አዘዙ። ጂብሪል የመጀመሪያውን ዓሣ ጨርሶ እጁን ወደ ሁለተኛው ሲዘረጋ "ጋሼ፣ ግን ያቺ ቅጣት…" ብሎ ጀመረ።

"ትክክል ነበረች" አለ ገብረየስ፣ ሎሚውን እያቀበለው።

"ትክክል ነበረች" አለ ጂብሪልም፤ ሎሚውን ጨመቀና መብላቱን ቀጠለ።